ስለ ዝናቡ ይቅርታ አትጠይቁን

ነሐሴ 6 ቀን 2014፣ ዓርብ ጠዋት፣ ጣና ዳር ያለ አንድ ሪዞርት በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ነጭ ሸሚዝ የለበሰች ልጅ ወደ ጠረጴዛችን መጣችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ስለ ዝናቡ በጣም ይቅርታ እንጠይቃለን» አለች። አባቴ ዞር ብሎ ከኋላው የተቀመጠ ሰው ፈለገ። ይቅርታው ለእሱ መሆኑ ሲገባው ደግሞ ይበልጥ ግራ ገባው። «ምን አጠፋ ልጄ?» አላት። እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ በዚያ ሰዓት ስልኬ ላይ የሪዞርቱን የገንዘብ ተመላሽ ደንብ እያነበብኩ ነበር።

ይሄ ጽሑፍ ከዚያች ይቅርታ ጋር የሚደረግ ጠብ ነው። ከልጅቷ ጋር አይደለም፤ እሷ በሏት ያሏትን ነው ያለችው። ጠቤ ዝናብ የእረፍት ጠላት ነው ብሎ ካሳመነን ነገር ጋር ነው። እዚያ ውስጥ ደግሞ የኔም እጅ አለበት፤ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ እንዴት እዚያ እንደተገኘን ልንገራችሁ። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ጃቢ ጠህናን ገጠር ውስጥ ነው። አባቴ በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ ያመርታል። እኔ ኢንጂነሪንግ ተምሬ አዲስ አበባ ሶፍትዌር እጽፋለሁ። ደሞዜ ትንሽ ቀና ሲል «ቤተሰቤን እረፍት ላውጣ» የሚል ሐሳብ ያዘኝ። ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው የምጠቀምባት ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ፤ «አባቴ በሕይወቱ እረፍት ወጥቶ አያውቅም»። ስናገራት ድምፄ ትንሽ ይሰበራል። እውነቱን ለመናገር ከሐሳቡ ግማሹ ለፎቶ ነበር። አባቴ ነጠላውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ከኋላው ሐይቅ፣ ከላይ ሰማያዊ ሰማይ።

ቀኑን የመረጥኩት በፈረንጅ ካላንደር ነው። ከኦገስት 11 እስከ 14። ዋጋው ወርዶ አገኘሁት፤ ለምን እንደወረደ አልጠየቅኩም። ከፈረንጅ ወደ ኢትዮጵያ ቀን የሚቀይር ኮድ በገዛ እጄ ጽፌ የማውቅ ሰው ነኝ። ግን ኦገስት 11 ነሐሴ 5 መሆኑን፣ ነሐሴ 5 ደግሞ በፍልሰታ ጾም ውስጥ መሆኑን የነገረችኝ እናቴ ናት። «ፍልሰታን እኮ ነው የያዝከው» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ ልጇ የከፈለበትን ነገር እንዳታበላሽ ነው። ቁርስ በዋጋው ውስጥ ስለነበር እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ እርጎው ተደርድሮ እየጠራን እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ዋለች። ቅዳሴ ቀረባት። ዝናቡ ቀኑን ከማበላሸቱ በፊት እኔ አበላሽቼው ነበር ማለት ነው፤ ለዚህ ግን ማንም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ አልጠየቃትም። እኔም ጭምር።

ሚኒባሱ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በቡሬ፣ በኮሶበር፣ በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር እስኪገባ አባቴ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ማሳ ይገመግም ነበር። የዚህኛው በቆሎ አረም በልቶታል፤ የዚያኛው ዩሪያ ዘግይቶበታል፤ ይሄ ጤፍ ቀድሞ ተዘርቷል። ቡሬ ላይ ስንቆም ዝናብ እያካፋ አንዲት ሴትዮ በላስቲክ ሥር የተቀቀለ ድንች ትሸጥ ነበር፤ እናቴ ለማታ ብላ ገዛች። እኔ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ነበር።

ዓርብ ሌሊት የጀመረው ዝናብ ሲነጋም አላቆመም። ወደ ገዳማቱ የምትወስደን ጀልባ ተሰረዘች። መዋኛው ገንዳ ላይ ጠብታው እየፈላ የሚዋኝ የለም። ዋይፋዩ ሄደ። አጠገባችን የተቀመጠው ከአዲስ አበባ የመጣ አባወራ «ገንዘባችንን ውኃ በላው» አለ፤ ቀልዱን ሳያስበው። ልጆቹ ታብሌት ላይ አቀርቅረዋል። እህቴ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ናት፤ መዋኛ ልብስ ተገዝቶላት ስለነበር ክፍሏ ገብታ አኮረፈች። እኔ ደግሞ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ መቀበያው እየተመላለስኩ ነገሩ የኔ ጥፋት አለመሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ። ለማን እንደሆነ አላውቅም።

አባቴ ወንበር ወደ በረንዳው ጫፍ ስቦ ተቀመጠ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት አልተነሳም።

መሃል ላይ መራመዱ ሲደክመኝ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ከየት በኩል እንደዞረ ነገረኝ። ሐይቁ ላይ የሚወርደው ጠብታ ሲወፍርና ሲቀጥን አሳየኝ። ድፍርሱን ውኃ አይቶ «ይሄ የሰከላ አፈር ነው» አለ። ትክክል ነው። ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ ግልገል ዐባይ ነው፤ መነሻው ግሽ ዐባይ፣ እዚያው ምዕራብ ጎጃም ሰከላ ውስጥ። ከኛ ቤት በላይ ያለው ተራራ ታጥቦ እኛ የከፈልንበት ሐይቅ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ለታናሽ ወንድሙ ደወለ፤ ማሳውን በወንፈል እንዲያሳርምለት አደራ ብሎት ነው የመጣው። ንግግራቸው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

«ጣለ?»

«ሌሊቱን ሙሉ። አሁንም አለ።»

«ተመስገን።»

ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወደ ሐይቁ ተመለሰና እንዲህ አለኝ፦ «ዕድሜዬን ሙሉ ዝናብ ውስጥ ቆሜያለሁ። ተቀምጬ ያየሁት ዛሬ ነው።»

እረፍት የወጣው እሱ ብቻ ነበር። እኛ ሌሎቻችን ሪዞርት ነው የሄድነው።

አሁን ወደ ራሴ እጅ። በዚያን ጊዜ የምሠራበት ድርጅት የጉዞ ማቀጃ አፕ ነበረው። የአየር ትንበያውን ከሌላ አገልግሎት እንቀበላለን፤ ሩቅ ለሆኑ ቀናት ደግሞ ያለፉትን ዓመታት አማካይ እንጠቀማለን፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀን ቀለም እንሰጣለን። አረንጓዴ «ለጉዞ ምቹ»፣ ቢጫ «ይጠንቀቁ»፣ ቀይ «አይመከርም»። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመዝነብ ዕድሉ ከ60 በመቶ በላይ ከሆነ፣ ቀይ። አንድ መስመር ናት። ስጽፋት አምስት ደቂቃ አልፈጀችብኝም። ኮዱን ያየው ባልደረባዬ የሰጠኝ አስተያየት «ቀዩ ትንሽ ደመቀ» የሚል ብቻ ነበር፤ አደበዘዝኩት።

እዚያው በረንዳ ላይ ለአባቴ አፑን አሳየሁት፤ ሥራዬን ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ የማሳየው ነገር አጣለሁ። የፍኖተ ሰላምን ገጽ ከፈትኩለት። ሰኔ ወደ መጨረሻው መቅላት ይጀምራል። ሐምሌ ቀይ። ነሐሴ ቀይ። መስከረም እስኪጋመስ እዚያም እዚያም ቀይ። በጣቱ እያንሸራተተ ካየ በኋላ «አገሩ ታሟል እንዴ?» አለኝ።

ምን ልበለው? አፑ ውስጥ በጣም አረንጓዴ የሆነው ወር ጥር ነው። ጥር ላይ የኛ መንደር አቧራ ነው፤ ከብቱ ገለባ የሚበላበት ጊዜ ነው። አገሩ በእውነት አረንጓዴ የሚሆንበትን ወር እኔ ቀይ ቀባሁት፤ ሲደርቅ አረንጓዴ አደረግኩት። ሶፍትዌር ስትጽፉ እንዲህ ያለውን ነገር ባግ አንለውም፤ ፕሮግራሙ የተባለውን በትክክል እየሠራ ነውና። የተሳሳተው ያለው ሰው ነው።

ይሄን ከየት አመጣሁት? አልፈለሰፍኩትም። ስልካችሁ ላይ ያለውን የአየር ሁኔታ ምልክት ተመልከቱ፤ ፀሐይዋ ቢጫና ደስተኛ ናት፣ ደመናው ግራጫና ቅር ያለው ነው። ይሄ ምልክት የተሳለው ፀሐይ ብርቅ በሆነበት አገር ለሚኖር ሰው ነው። ለለንደን ሰው ልክ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ጨልሞበት አንድ ሳምንት ፀሐይ ፍለጋ ይበራል። እኛ ግን ስምንት ወር ፀሐይ ሲመታን ከርመን የእሱን ናፍቆት ተውሰን እንናፍቃለን።

መዋሱ የተጀመረው በስልክም አይደለም። «13 ወር ፀሐይ» የሚለውን የቱሪዝም መፈክር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1950ዎቹ የአገሪቱን የቱሪዝም ድርጅት የመሠረቱት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ያወጡት ነው። መፈክሩን እንደ ሥራ አደንቀዋለሁ፤ የካላንደራችንን ልዩነት ወስዶ በአንድ መስመር ሸጦታል። በ2008 «ምድረ ቀደምት» እስኪተካው ድረስ ፖስተሩ ላይ ኖረ፤ ከአፋችን እስካሁን አልወጣም። ግን እስኪ 13ኛውን ወር አስቡት። ጳጉሜን። ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል ቀን፣ ዝናብ ሲጥል ልጅ ሆናችሁ ምን አደረጋችሁ? እኛ ልብሳችንን ጥለን ወጥተን ዘለልንበት። እናቶች ዕቃ ደጅ አውጥተው ያጠራቅሙታል፤ ሊጥ ላይ ጠብ ያደርጉታል። ጠበል ነው። ለዓለም «ፀሐይ አለን» ብለን የሸጥነው ወር ቤታችን ውስጥ ዝናቡን የምንጠጣው ወር ነው። መፈክሩ ለእንግዳ ነው ትሉኝ ይሆናል። እሺ፤ ግን እንግዳው ሄዶም እኛው እያመንነው ነው።

ለእንግዳውም ቢሆን አልበጀውም። ጢስ ዐባይ ፏፏቴን ውሰዱ። ከፏፏቴው በላይ ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ይጠለፋል፤ የመጀመሪያው ጣቢያ በ1950ዎቹ፣ ሁለተኛውና ትልቁ በ1990ዎቹ ነው የተሠሩት። ስለዚህ በበጋ፣ ማለትም አፑ አረንጓዴ በሚያደርገው ጊዜ፣ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ገደል ላይ የተንጠለጠለች ክር ነው። ከጎኑ ያለው አስጎብኚ ደግሞ በ1 ብር ኖት ላይ የነበረውን ሥዕል ያስታውሰዋል። ፏፏቴው ፏፏቴ የሚሆነው በነሐሴና በመስከረም ነው፤ ጫማህ ጭቃ ሲበላ፣ ጭሱ ፊትህን ሲያጥብህ። ይሄን የሚያውቅ ሁሉ እያወቀ «በክረምት አይመከርም» ይላል።

ቃሉንም እዩት እንጂ። የትምህርት ቤት እረፍታችንን የምንጠራው «ክረምት» ብለን ነው። «ለክረምት የት ትሄዳላችሁ?» እንባባላለን። እንግሊዝኛ ክፍል ገብተን ክረምትን የነሱ የፀሐይ ወቅት አድርገን እንተረጉመዋለን፤ መዝገበ ቃላት ስናይ ደግሞ የበረዶ ወቅታቸው ሆኖ እናገኘዋለን። ሁለቱም አይደለም። ክረምት የነሱ የትኛውም ወቅት አይደለም፤ ዝናብ ነው፣ በቃ። «እንዴት ከረማችሁ?» ስንል ከዚያው ሥር የወጣ ቃል ነው፤ ክረምቱን እንዴት አለፋችሁት እንደማለት። የሚመጣውን ዓመት «ለከርሞ» እንላለን። ጊዜን የምንቆጥርበት ቃል ራሱ ረጥቧል። እንዲህ ያለ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ ልጁን «ዝናብ ስለሆነ ይቅርታ» እንድትል አሠልጥኖ ነጭ ሸሚዝ አለበሳት።

ከባሕር ማዶም እናንሳ። የእረፍት ሁሉ ቁንጮ ተደርጎ የሚሸጠው የካሪቢያን ሪዞርት ነው፤ ነጭ አሸዋ፣ የዘንባባ ዛፍ። የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወቅት በይፋ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ የኛን ክረምት ዳር እስከ ዳር ይሸፍነዋል። አሁን ደስ የሚለኝ ክፍል መጣ። አብዛኞቹ ኃይለኛ የአትላንቲክ አውሎ ነፋሶች የሚወለዱት ከአፍሪካ ተነስተው ወደ ምዕራብ ከሚጓዙ የአየር ሞገዶች ነው። ሳይንቲስቶች የሞገዶቹን መነሻ ወደ ኋላ ሲከተሉ የሚደርሱት ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች እስከ ዳርፉር ወዳለው አካባቢ ነው። ሞገዱ ሳህልን አቋርጦ፣ ኬፕ ቨርዴን አልፎ፣ ውቅያኖሱ ላይ ይጎለብታል። እንግዲህ ባርቤዶስ ላይ አንድ ቤተሰብ «ዝናብ ቀናችንን አበላሸው» ብሎ ሲያማርር ነገሩ የተጠነሰሰው በኛ በኩል ሊሆን ይችላል። ይቅርታ መጠየቅ ካለብን እነሱን ነበር። ግን አንጠይቃቸውም።

እዚያው ካሪቢያን ውስጥ ዝናቡን በሌላ ዓይን ያዩ ሰዎችም አሉ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲደርሱ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የጠበቃቸው ሕዝብ በ100,000 ይገመታል። ብዙው ያደረው ዝናብ ላይ ነው። ዝናብ ስለሆነ ወደ ቤቱ አልሄደም። እዚያ የነበሩት ራስተፈሪያን አውሮፕላኑ ሲመጣ ዝናቡ እንዳቆመ እስከ ዛሬ ይተርካሉ፤ ሲተርኩ ግን ዝናቡን ከታሪኩ አያወጡትም፤ ያለ እሱ ታሪኩ አይቆምም።

አሁን እናንተ ውስጥ የገጠር ልጅ ካለ ጥርሱን እያፋጨ ነው። አውቃለሁ፤ እኔም ነኝ። ክረምትን ከሪዞርት በረንዳ ማየት ሌላ፣ ውስጡ መኖር ሌላ። የሚያፈስ ጣራ ሥር ሰፌድና ሳፋ እያዛወርኩ ተኝቼ አውቃለሁ። ላህ ወንዝ ሲሞላ ማዶ ለማዶ ቆሞ መጠራራት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በረዶ ሲወርድ የበርበሬ ማሳ በአሥር ደቂቃ እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ። ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ወባ በየቤቱ ይገባል፤ እናቴ በየዓመቱ ትተኛለች። ስለዚህ በሻይ ሲኒና በመስኮት ላይ ጠብታ ስቶሪ የሚሠራውን ወገን እየደገፍኩ አይደለም። «ለእንቅልፍ የሚሆን የአሥር ሰዓት የዝናብ ድምፅ» ከፍቶ የሚተኛው ሰው ዝናብ ሲመታው ቀድሞ የሚያማርረው ነው። ዝናብን ጌጥ ማድረግና ዝናብን ቀይ መቀባት አንድ ዓይነት ስንፍና ነው፤ ሁለቱም ውስጥ ገበሬው የለም።

ገበሬው ሲኖር ጥያቄው ሌላ ነው። በ2015 ክረምት ዝናቡ በሰዓቱ መጣ፤ ማዳበሪያው ግን አልመጣም። በአማራ ክልል ገበሬዎች አደባባይ ወጥተው የጮኹት ያኔ ነው። ዝናብ እየጣለ መሬት ጦሙን ሲያድር ማየት ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ አባቴን ጠይቁት። ለዚያ ቀን አፑ ቀለም የለውም።

እና ስለ እረፍትም አንድ ነገር። «አባቴ እረፍት ወጥቶ አያውቅም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገሬን ማታ ራት ላይ፣ ድንቹን እየላጥን፣ ለራሱ ነገርኩት። የሚያመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። «ማነው ያላረፈው?» አለኝና በጣቱ መቁጠር ጀመረ። በአሥራ ሁለት ሚካኤል አይታረስም። በሃያ አንድ ማርያም። በሃያ ሰባት መድኃኔዓለም። በሃያ ዘጠኝ ባለ እግዚአብሔር። ቅዳሜና እሑድ አለ። ማኅበር አለ፣ ጽዋ አለ። «አንተ ነህ እንጂ የማታርፈው። ትናንትና መኪና ውስጥ ስትሠራ አልነበር?» እህቴ ሳቀች፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነበር። ልክ ነበር፤ መንገድ ላይ ላፕቶፕ ከፍቼ ነበር። በዓመት አሥራ ስድስት ቀን ፈቃድ ያለኝ ሰው በወር ቢያንስ አራት ቀን በሬ ለማይጠምድ ሰው አዝኜለት፣ እረፍት ላስተምረው አምጥቼዋለሁ። ሞፈር ተሰቅሎ፣ ደጅ እየዘነበ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ገሳውን ከበር አራግፎ የሚገባበትን ቀን እኔ እረፍት ብዬ ቆጥሬው አላውቅም፤ ያልከፈልንበት ስለሆነ ይመስለኛል።

ስለዚህ ለሪዞርት ባለቤቶች፣ ለአስጎብኚዎች፣ ለአፕ ሠሪዎች የምለው አለኝ፤ እኔም ውስጡ ነኝ። የዚህ አገር ቤተሰብ ልጁን ይዞ መንቀሳቀስ የሚችለው ትምህርት ሲዘጋ ነው። ትምህርት የሚዘጋው በሐምሌና በነሐሴ ነው። እንግዲህ የአገር ውስጥ እንግዳችሁ ሁሌም ከዝናብ ጋር ነው የሚመጣው፤ አብሮት የሚመጣውን አታሳፍሩበት። ለዝናብ የተሠራ ሰፊ በረንዳ ይኑራችሁ። ምድጃ ይኑራችሁ። ጥላና ቦት ጫማ አከራዩ። የጾም ምግብ በፍልሰታ እንደ ልዩ ትእዛዝ ሳይሆን እንደ ምግብ አቅርቡ፤ ካላንደሩን እንደኔ አትርሱት። ጀልባ ማስኬድ አደገኛ ከሆነ አታስኪዱ፤ ግን ሰውየው በረንዳ ላይ አምስት ሰዓት ተቀምጦ ደስ ካለው ቀኑ ተበላሽቷል ብላችሁ አትንገሩት። ይሄ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዝናቡን እንደ ብልሽት ማየት መተው ነው።

ይሄ ሁሉ ቅንጦት ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ስታስቡ በተለይ። በዓመቱ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም መሃል ከተማ ላይ የአየር ጥቃት ነው በተባለ ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን ሮይተርስ የሆስፒታል ኃላፊ ጠቅሶ ዘገበ። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ቤት እደውላለሁ፤ አይሠራም፤ እንደገና እደውላለሁ። ሥራ ላይ ስለነበርኩ፣ ምን እንደፈለግኩ ሳላውቅ፣ አፑን ከፍቼ ፍኖተ ሰላም ብዬ ጻፍኩ። ያ ሳምንት ቀይ ነበር። ምክንያቱ ከሥሩ ተጽፏል፤ «ዝናብ»።

ከዚያ ቀን በኋላ ያችን መስመር ማየት አልቻልኩም። በ2016 ጥቅምት ላይ ለውጡን ጽፌ አስገባሁ። ትንሽ ነበር። ቀዩ ይወጣል፤ በቦታው ሰማያዊ ይገባል፤ «አይመከርም» የሚለው ጠፍቶ «ዝናብ አለ» ይላል። ሰው የሚያደርገውን ራሱ ይወስናል። ስብሰባ ላይ ቀረበ። የምርቱ ኃላፊ በጣም ጨዋ ሰው ነው፤ ተጠቃሚዎቻችን በብዛት ከውጭ ናቸው፣ ቀይ ደግሞ ዓለም አቀፍ ልማድ ነው አለኝ። ከውጭ የሚመጣውም ሰው ጢስ ዐባይን የሚያጣው በዚህ ልማድ ነው አልኩት። «በሚቀጥለው እትም እንየው» ተባለ። ከድርጅቱ ስወጣ ለውጡ እንደተከፈተ ነበር፤ አሁንም ይኖር ይሆናል፤ ከሥሩ ሁለት አስተያየት አለው፣ አንደኛው የኔ ነው።

ቤተሰቤን ዳግመኛ ጣና ዳር አልወሰድኩም፤ መንገዱም አይፈቅድም። ከዚያ ጉዞ የቀረኝ ፎቶ አንድ ነው፤ እህቴ ከኋላ ሆና ያነሳችው። አባቴ በረንዳው ጫፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶናል፤ ሐይቁ አይታይም፣ ሁሉም ግራጫ ነው። ለማንም አላጋራሁትም።

ባለፈው ሰኔ ማታ ላይ ደወለልኝ። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ከሚናገረው የሚደርሰኝ ሩቡ ነው። ስለ ዘር አንድ ነገር አለ፣ ስለ እናቴ አንድ ነገር አለ፣ ከዚያ ድምፁ ጠራና «ጣለ!» ሲል ሰማሁት። እኔ ጋ ገና አልጀመረም ነበር።